«ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው ደብዳቤ ማንን ይመለከታል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን ስለ ሥራ አጥ ተመራቂዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ታክሲ ውስጥ፣ አንዴ ቢሮ ቁጭ ብዬ። «ቀጣሪው ልምድ አምጡ ይላል፤ ልጁ ልምዱን ከየት ያምጣው?» ብላችኋል። ልክ ናችሁ። እኔ ግን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ቀጣሪ ነኝ፤ ትንሽዬ ቀጣሪ። ከዚህ ወገን ሲታይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ከረዘመባችሁ ቁረጡት። እኔም የምተዳደረው በመቁረጥ ስለሆነ አልቀየምም።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች አሉ። ማስታወቂያ፣ የድርጅት ዶክመንተሪ፣ የዩቲዩብ ፕሮግራም እንሠራለን። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰርግም እንሠራለን፤ አናፍርበትም። ከጀመርኩ 17 ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲና ከኮሌጅ ሁለት ሦስት ኢንተርን፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ የሚመጣ ተማሪ፣ እንቀበላለን። ድሮ ጋዜጠኝነት የሚያጠኑ ነበሩ የሚመጡት። ቀጥሎ መልቲሚዲያ መጣ። አሁን ደግሞ ዲጂታል ሚዲያ ነው የሚሉኝ። «ጋሼ» ብለው ይጠሩኛል። ገና 41 ዓመቴ ነው፤ ጸጉሬ ነው ያጋለጠኝ።

ካቻምና ሐምሌ ላይ አንዲት ልጅ መጣች። ከተመረቀች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ጂፒኤዋ 3.7። ሲቪዋ ሁለት ገጽ፣ ጥግ ላይ ጉርድ ፎቶ አለው። «ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ፣ ጫና እችላለሁ» ይላል። ፍላሽ ይዛለች። ፍላሹ ውስጥ የመመረቂያ ፊልማቸው አለ፦ ስለ አንድ ወፍጮ ቤት፣ 11 ደቂቃ። ቡና አስመጥቼ አብረን አየነው። ደህና ፊልም ነው። መጨረሻ ላይ ስምንት ስም እየተከታተለ ወጣ። የእሷ ሰባተኛው ነው። «ረዳት» ይላል።

«አንቺ የቱን ነው የሠራሽው?» አልኳት።

«አብረን ነው የሠራነው።»

«እሺ፣ አንቺስ?»

«ሁላችንም ሁሉንም ነው የሠራነው ጋሼ።»

እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ጋ ልሸኛት ነበር። በዓመት ስንት ጊዜ የምሰማው መልስ ነው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ወፍጮ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ጆሮህ ሥር ካልጮኸ አይሰማህም። ፊልሙ ውስጥ ግን የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ወፍጮው ከሥሩ ራቅ ብሎ ያጉረመርማል። ሰውየው ሲተነፍስ እንኳ ይሰማል።

«ይሄን ድምፅ ማን ቀዳው?»

ዝም አለች። ከዚያ «እኔ» አለች፤ ጥፋት የሠራች ይመስል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡድኑ የመጀመሪያ ቀን ሄዶ በካሜራው ማይክ ቀረጸ። ቢሮ ሲከፍቱት ጩኸት ብቻ። ጊዜ የለም፤ ካሜራው ለሌላ ቡድን ተራ ደርሷል። «ሙዚቃ እንጫንበትና ሰብታይትል እናድርግ» ተባለ፤ ንግግሩ ከምስሉ ሥር በጽሑፍ ይነበብ ማለት ነው። እሷ ቅዳሜ ብቻዋን ተመለሰች። ወፍጮው እስኪቆም ጠበቀች፤ መብራት እስኪጠፋ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ሰውየውን ቆርቆሮው ግድግዳ አጠገብ አስቀመጠችው። ድምፁ ያስተጋባል። ደጋግማ ሞከረች፤ አልሆነም። በኋላ ጤፍ በሞሉ ጆንያዎች መካከል አስቀመጠችውና ስልኳን ጋቢው ሥር ደበቀችው። ጆንያው ማስተጋባቱን ዋጠው። 40 ደቂቃ ቀዳች። መብራት ሲመጣ ደግሞ የወፍጮውን ድምፅ ለብቻው ቀዳች። ቤት ገብታ ሁለቱን አጋጠመቻቸው። እንዴት እንደሚጋጠም ማታ ማታ ከዩቲዩብ ነው ያየችው።

ይሄ ሁሉ ሲቪዋ ላይ የለም። ፊልሙ ላይም የለም፤ «ረዳት» ነው የሚላት። ሥራ ያስገኛት ግን ይኸው ነው። በማግሥቱ በሳምንት ሦስት ቀን እንድትሠራ ተስማማን።

እንግዲህ ቅሬታዬ ይህ ነው። ልጆቻችን አይሠሩም አይደለም የምለው። ይሠራሉ። የሠሩት ግን በስማቸው አይመዘገብም። አራት ዓመት ቆይተው ሲወጡ በእጃቸው የሚይዙት ወረቀት ሁሉ የማንም ሊሆን የሚችል ነው። ስምንት ስም ያለው ፊልም አለ። አማካሪያቸው ካልሆነ ማንም ያላነበበው መመረቂያ ጽሑፍ አለ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የኢንተርንሺፕ ደብዳቤም አለ። ቀጣሪ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ አንተ የቱን ሠራህ? ለማስተርስ ስታመለክትም ፈረንጁ በሚያምር እንግሊዝኛ የሚጠይቅህ ይህንኑ ነው።

ከደብዳቤው ልጀምር፤ እሱ ላይ ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ፋይል አለ። ላለፉት ዓመታት ለኢንተርን ሁሉ የሰጠሁት ደብዳቤ እሱ ነው። ስሙንና ቀኑን ብቻ እቀይራለሁ። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በድርጅታችን የተግባር ልምምድ ያደረጉ ሲሆን በቆይታቸው መልካም ሥነ ምግባር የነበራቸው መሆኑን እንገልጻለን።» ማኅተም፣ ፊርማ፣ አለቀ። ሌባ እንዳልሆነ ነው የመሰከርኩለት። የሠራውን አልጻፍኩም። ለነገሩ ብዙዎቹ ምን ሠሩ? ትራይፖድ ተሸከሙ፣ ማኪያቶ አመጡ፣ ሃርድ ዲስክ ኮፒ እስኪያልቅ ጠበቁ። ይሄንን የምናደርገው እኛው ነን። ተማሪ በነፃ ይመጣል፣ እኛም በነፃ እናሠራዋለን። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ አንድ ቀን መጥቶ «ተገኝቷል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ይሄዳል። አንዳንዴ በስልክ ነው።

ታዲያ አምና መስከረም ላይ ይህችው ልጅ ቼቨኒንግን አንስታ ጠየቀችኝ። የእንግሊዝ መንግሥት የማስተርስ ስኮላርሺፕ ነው። ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። በሰዓት ነው የሚቆጥሩት! በትርፍ ሰዓት የተሠራም፣ በበጎ ፈቃድ የተሠራም ይያዛል። እኔ የሠራሁትን ሰዓት ቆጥሬ አላውቅም። የሰውን ደግሞ ጭራሽ። የዚያን ቀን ነው ፋይሌን ከፍቼ የጻፍኩትን ደብዳቤ በሰው ዓይን ያነበብኩት። አፈርኩ።

አሁን የምጽፈው ደብዳቤ ረጅም ነው። ስንት ቀን መጣ፣ በቀን ስንት ሰዓት ሠራ፣ የትኛውን ሥራ ጀምሮ ጨረሰ፣ ምን አበላሸ፣ ያበላሸውን እንዴት አስተካከለ። የመጨረሻውን ስጽፍ ልጆቹ ይደነግጣሉ። «ጋሼ፣ ይሄንንማ ያጥፉልኝ» ይላሉ። አላጠፋም። ሳይበላሽበት ሠርቶ የሚያውቅ ኤዲተር እስካሁን አላጋጠመኝም።

የእኔን ብነግራችሁስ? በ2002 ዓ.ም. የአንድ ቤተሰብ ሰርግ አጠፋሁ። ጊዜው የካሴት ነው። ካሴት ውድ ስለነበር ወደ ኮምፒውተር አስገብተን ስናበቃ በላዩ ላይ ሌላ እንቀርጽበት ነበር። ሰርጉን አስገባሁ፣ ካሴቶቹን ለሌላ ሥራ አዋልኩ። በሳምንቱ ሃርድ ዲስኩ «ጠቅ፣ ጠቅ» ማለት ጀመረና ጸጥ አለ። አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። መልሱ ተርፏል፤ በሌላ ዲስክ ላይ ስለነበር። የጠፋው የሰርጉ ዕለት ጠዋት ነው፤ የሙሽሪት አያት ከመንዝ ድረስ መጥተው የመረቁበት። አባትየው ቢሮዬ መጥተው ቁጭ አሉ። አልተቆጡም። «ገንዘቡን ተወው፣ ምርቃቱን ብቻ ፈልግልን» አሉኝ። ዲስኩን ያልወሰድኩበት ቦታ የለም። አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቅጂ ሳይኖር ካሜራው ላይ ያለውን አልደመስስም፤ ሁለቱ በተለያየ ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቢሮ ውጭ። የውጭ ሰዎች ይህን ደንብ «ሦስት ሁለት አንድ» ይሉታል። ለኢንተርኖች በመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው ታሪክ ይሄ ነው። ከመካከላቸው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ቅጂ አያያዝ የሰማ አንድ ልጅ እስካሁን አልመጣልኝም። የመገናኛ ብዙኃንን ንድፈ ሐሳብ ግን በቃላቸው ይሉታል።

ንድፈ ሐሳቡን ማጣጣሌ አይደለም። ማስተርስ ለሚገባ ልጅ ያስፈልገዋል። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ሥራው ላይ የማየውን ላንሳ።

መብራታችን በሰከንድ 50 ዑደት የሚመላለስ ነው። ስልኮች ብዙ ጊዜ ሲመጡ በሰከንድ 30 ምስል እንዲቀርጹ ሆነው ነው። ልጁ ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለአንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/60 ሰከንድ አድርጎ ፍሎረሰንት ያለበት ክፍል ውስጥ ይቀርጻል። ቢሮ ሲከፈት ምስሉ ላይ መስመር ይንከባለላል፣ ግድግዳው ይርገበገባል። 25 ምስል፣ ሹተር 1/50 ቢያደርገው ኖሮ ነገሩ ባልመጣ። የአንድ ደቂቃ ትምህርት ነው። አንድ ድርጅት ሙሉ ስብሰባውን እንዲህ አስቀርጾ አምጥቶልኝ ያውቃል። ከዚያ «አስተካክሉልን» ነው።

ፊደላችንም አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን ፓወር ግዕዝ በሚባለው በድሮው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ሰብታይትል ይመጣልኛል። የእኛ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ወይም ፋይሉን ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ ኤይት የሚባለውን የዩኒኮድ አቀማመጥ አይመርጡምና መስመሩ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። «ከእኔ ጋ ይሠራል ጋሼ» ይሉኛል። ያንተ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚሠራ ነገር ምን ያደርግልኛል?

ሰብታይትል ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ የምወደው ጉዳይ ነው። የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ገንዘቡን ለወንድሜ» ብለህ መስመሩን ብትሰብረውና «አልሰጠሁም»ን ለሚቀጥለው ምስል ብታሳድረው፣ ተመልካቹ ለሁለት ሰከንድ ሰጠ ብሎ ያስባል። የምርመራ ዘገባ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። እንግሊዝኛውን ተከትለው በተቆረጠበት የሚቆርጡ ልጆች በየሳምንቱ ይህን ያደርጋሉ። በመጻሕፍቱ የለም፤ መጻሕፍቱ የተጻፉት ግሡ መሃል ለሚቀመጥ ቋንቋ ነውና። አንድ መምህር ይህን አንድ ክፍለ ጊዜ ቢያስተምር፣ አንድ የማስተርስ ተማሪ ደግሞ ቢያጠናው እኔ ቡና እጋብዛለሁ።

ሕጉንም በሩጫ ላንሳው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል። ቁጥራቸውን ለፈተና የሚያውቁ ልጆች አሉ። ግን ለማስታወቂያ የታዋቂ ዘፋኝ ዜማ አንስቶ የሚለጥፈው፣ ትምህርት ቤት ገብቶ ወላጅ ሳያስፈቅድ ሕፃናት የሚቀርጸውም ያው ልጅ ነው። የፈቃድ ፎርም አስፈርሞ የሚያውቅ ተመራቂ ብርቅ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት እኮ ነው።

«ዕቃ የለም» የሚሉ መምህራን አሉ። እረዳቸዋለሁ። ለስልሳ ተማሪ አንድ ካሜራ ያለበት ክፍል ውስጥ ሆኜ ተናግሬያለሁ፤ የካሜራው ባትሪም አብጦ ነበር። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ካሜራ መግዛት ለእኛም ሕልም ሆኗል። ግን ልጅቷ የቀዳችው በስልክ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራም በነፃ የሚሰጥ ቅጂ አለው። ለድምፅ ኦዳሲቲ፣ ለአኒሜሽን ብሌንደር ሙሉ በሙሉ ነፃ ናቸው። ኮምፒውተሩ ደህና መሆን እንዳለበት አውቃለሁ፤ እሱ ችግር ነው። ሥራን በስም መመዝገብ ግን ደብተርና ስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ ማስተርሱ።

ልጅቷ የዶክመንተሪ ማስተርስ ነው የምትፈልገው፤ ውጭ። አውሮፓ ውስጥ በኢራስመስ ሙንዱስ፣ በአውሮፓ ኅብረት የስኮላርሺፕ ፕሮግራም፣ ሥር የሚሰጡ የጋራ ማስተርሶች አሉ። ዶክኖማድስ የሚባለውን ብትወስዱ ዶክመንተሪ ነው የሚያስተምረው። ተማሪው በሁለት ዓመት ውስጥ ሊዝበን፣ ቡዳፔስትና ብራስልስ እየተዘዋወረ ይማራል። ስኮላርሺፑን ያገኘ ሰው በወር 1,400 ዩሮ ይከፈለዋል። የሚወዳደረው የዓለም ልጅ ሁሉ ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ የሚያመለክት ሰው የሠራውን ፊልም ያሳያል፤ ለምን መማር እንደፈለገም ይጽፋል።

የጻፈችውን አመጣችልኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሚዲያ ከፍተኛ ፍቅር ነበረኝ» ብሎ ይጀምራል። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። እንከን ስለሌለው ነው የጠረጠርኩት።

«ቻትጂፒቲ ነው?»

ሳቀች። «ትንሽ አገዘኝ።»

«ወፍጮ ቤቱስ የታለ?»

«እሱ ደብዳቤ ውስጥ ይገባል እንዴ?»

እዚህ ላይ ነው አራቱ ዓመት የከሸፈው። አንዲት ልጅ መብራት እስኪጠፋ ጠብቃ፣ በጆንያ ስቱዲዮ ሠርታ፣ ያንን ለሰው መንገር ይቻላል ብላ አታስብም። ማንም አልጠየቃትማ። የመመረቂያ ፊልሙ ሲገመገም አምስት መምህራን ተቀምጠው «የጥናቱ ዓላማ ምንድን ነው? ስፋቱስ?» ብለው ጠየቁ። ድምፁን ማን ቀዳው ያለ የለም።

ደብዳቤውን ከወፍጮ ቤቱ ጀምራ እንደገና ጻፈችው። በራሷ እንግሊዝኛ። ሁለት ሦስት ቦታ ይሰናከላል፤ ተዉት አልኩ። ታኅሣሥ ላይ ላከች። የካቲት ላይ ለቃለ መጠይቅ ጠሯት። በኢንተርኔት ነው፤ የእኛን ቢሮ ዘግተን ሰጠናት። ከ25ቱ ደቂቃ አብዛኛውን ስለ ወፍጮው ነው የጠየቋት። ሰውየው ፊልሙን አይቶታል ወይ ብለውም ጠየቁ። አላየውም ነበር። ደነገጠች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍላሽ ይዛ ሄደች።

መጋቢት ላይ ተቀበሏት። ያለ ስኮላርሺፕ። ክፍያውን በብር ስናሰላው ካልኩሌተሩን ዘጋነው። ስለዚህ አልሄደችም። ዘንድሮ እንደገና ታመለክታለች።

አገር ውስጥ ማስተርስ የሚፈልጉትም ሌላ ጣጣ አለባቸው። የመግቢያ ፈተናውን ያልፋሉ። ከዚያ የጥናት ሐሳብ ሲጠየቁ ሁሉም አንድ ርዕስ ነው የሚያመጡት፦ «ማኅበራዊ ሚዲያ በወጣቶች ላይ ያለው ተፅዕኖ»። ተፅዕኖ ምንድን ነው? የትኛው ወጣት? ንድፈ ሐሳቡ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ግን በቃል ስለተያዘ አያግዛቸውም። አንዱ ኢንተርኔ እንዲህ ዓይነቱን ርዕስ ይዞ ሲጨነቅ፣ ቴሌግራም ላይ ጫማ የምትሸጥ እህት እንዳለችው አስታወስኩ። «እህትህ ዋጋ ለምንድን ነው የማትጽፈው? ለምን ‹ዋጋ በኢንቦክስ› ትላለች?» አልኩት። ቀና አለ። ሄዶ ጠየቃት። ያልጠበቀውን መለሰችለት፤ ዋጋ ከጻፈች ሌላው ሻጭ በማግሥቱ በመቶ ብር ቀንሶ ይለጥፋል። ሌሎችን ጠየቀ፤ ሌላ ሌላ ምክንያት ሰጡት። አንዷ «ሰው ሲጠይቅ ነው ገዢ መሆኑን የማውቀው» አለችው። ይኸው ጥናት! ዲጂታል ሚዲያ ነው፣ ገበያ ነው፣ መተማመን ነው፤ ደግሞም መርካቶ ነው። መምህሩ ወደደለት። አሁን እየሠራበት ነው።

የመውጫ ፈተናውን በተመለከተ ብዙ ተብሏል። ከ2015 ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። እኔ ፈተናውን አልቃወምም። ሳይማር የሚመረቅ ነበር፤ አይቻለሁ። ግን ጥያቄው ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ልጆቹ እንደሚነግሩኝ የመጨረሻው ሴሚስተር በሙሉ ለእሱ ነው የሚሄደው። ፊልም የሚሠሩበት ጊዜ በሞጁል ክለሳ ይያዛል። ሹተር ምንድን ነው ለሚለው ትክክለኛውን ፊደል የመረጡ ልጆች ናቸው የሚንከባለል መስመር ያለው ምስል የሚያመጡልኝ።

እና ምን ይደረግ? ለዲፓርትመንት ኃላፊዎች የምለው ትንሽ ነው። የቡድን ሥራ ይቀጥል፤ በዓለም ላይ ፊልም በቡድን ነው የሚሠራው። ግን እያንዳንዱ ስም ጎን የሠራው ነገር ይጻፍ። «ረዳት» የሚለውን ቃል እንከልክል። ከቡድኑ ሥራ ሌላ እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን የሦስት ደቂቃ ሥራ ይሥራ፤ ቀርጾ፣ ድምፅ ቀድቶ፣ ቆርጦ፣ ሰብታይትል አድርጎ፣ ሰው የሚያየው ቦታ ላይ እስኪጭን። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ሲሠራ ደብተር ይያዝ፦ ዛሬ ምን አሰብኩ፣ ምን አልሆነም፣ ምን ቀየርኩ። ግምገማ ላይ መምህራኑ ደብተሩን ይክፈቱት። ከዚያ ደብተር ውስጥ ሲቪም፣ የማመልከቻ ደብዳቤም፣ የቃለ መጠይቅ መልስም ይወጣል።

መምህራንን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፉ «ከክፍሉ ጎበዝ ተማሪዎች አንዱ ነው» አትበሉ። ሁሉም አንዱ ነው። ውጭ ያለው ሰው ከእናንተ የሚፈልገው አንድ ያያችሁትን ነገር ነው። ካላያችሁ ደግሞ አይታችሁ ጻፉ። ተማሪው ደብዳቤውን ራሱ ጽፎ እናንተ የምትፈርሙበትን ልማድም ተዉት። ይሄንን ማንበብ የማይወዱ እንዳሉ አውቃለሁ። እኔም ፋይሌን አልወደድኩትም።

ለእኛ ለቀጣሪዎችስ? ኢንተርን ስንቀበል ቢያንስ አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንስጠው። ትንሽ ይሁን። የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ይሁን። ደንበኛው ሲቆጣም ተቀምጦ ይስማ። «ትንሽ ብቻ ነካ ነካ አድርጉልን» የሚለው ደንበኛ ለአራተኛ ጊዜ ሲደውል ምን እንደሚባል በየትኛውም ክፍል አይማሩትም። ቅድሚያ ግማሽ ክፍያ መጠየቅንም፣ ማሻሻያው ስንት ጊዜ ነው ብሎ አስቀድሞ መጻፍንም እንደዚሁ። እና ትራንስፖርት እንክፈላቸው እንጂ ጎበዝ! ከአያት ሰፈር እስከ ሃያ ሁለት በየቀኑ በራሱ ኪስ የሚመላለስ ልጅ ምሳ አይበላም። እኔ መክፈል የጀመርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አንድ ልጅ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ተዝለፍልፎ ካየሁ ወዲህ።

ልጅቷ ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ጠየቀችኝ። ሰዓቱን ጨምሬ እንድጽፍላት። እኔ ለሌላው ሰው ደብተር ያዝ እያልኩ የእሷን አልያዝኩም። ምን ይሻላል ስንል እሷ ናት የሕንፃውን በር ያስታወሰችው። እዚያ ጥበቃው ገቢና ወጪ የሚያስፈርምበት ትልቅ መዝገብ አለ። ማንም አንብቦት አያውቅም። ተለምኖ ሰጠን፤ ሦስት መዝገብ። ማታ ቁጭ ብለን ከመጣችበት ሐምሌ ጀምሮ እየገለጥን የእሷን ፊርማ ለቀምን። ቡና የፈሰሰበት ገጽ ላይ አራት ቀን ጠፋብን፤ ተውነው። 936 ሰዓት መጣ። ቼቨኒንግ ከሚጠይቀው 2,800 ገና 1,864 ይቀራታል።

ጥበቃው መዝገቦቹን ሲረከብ ግራ እንደተጋባ ነበር። «ጋሼ፣ ዕቃ ጠፍቶ ነው እንዴ?» አለኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቪዲዮ ኤዲተር
ከሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ አዲስ አበባ